ቀያሹ ጓደኛዬ ምን እየለካ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 26

አንማው አንድ ነገር ደብቆኛል። ጠዋት ከዳንግላ ስንወጣ ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ አሁን እምላለሁ።

የግማሽ ዓመት ዕረፍቴን ከዳንግላ እስከ ጥሊሊ በእግር ላሳልፍ ያልኩት እኔ ነኝ። አስፋልቱን ትተን በገጠሩ መንገድ፣ ቦርሳ አዝለን፣ በአዲስ ቅዳም፣ በእንጅባራ፣ በዘንገና ሐይቅ አድርገን፣ አምስት ቀን። አንማውን አብረን እንሂድ እያልኩ ዓመት ሙሉ ለምኜዋለሁ። "ሚኒባስ ምን አደረገህ?" ነበር መልሱ። ከቤቱ ገበያ ድረስ ባጃጅ የሚይዝ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ገና አፌን ስከፍት "እሺ" አለ። እሺ ብቻ አይደለም፤ በየት በየት እንደምናልፍ፣ ማን ቤት እንደምናርፍ ሁሉ ጽፎ መጣ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይል ነበር።

አንማው ቀያሽ ነው፤ የሰው መሬት እየለካ ነው የሚኖረው። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አሥር ዓመት ጓደኛሞች ነን። እሱ አማርኛም አዊኛም ይናገራል። እኔ ከአዊኛ ሰላምታ ብቻ ነው የማውቀው። "ዳንግላ ተወልደህ!" እያለ ያሾፍብኛል። ልክ ነው፣ ያሳፍራል።

የያዝነው፦ ከሰው የተዋስነው ድንኳን። ሁለት ጋቢ። በሶ። ስኳር። ባትሪ። እህቴ ትርንጎ የሠራችው ዳቦ ቆሎ። ለኔ ብቻ ቢሆን እፍኝ ትቋጥርልኝ ነበር። ዛሬ ከረጢት ሙሉ ሰጠችን፣ በዚያ ላይ ማር ጨምራበታለች። ደግ ሆና ነው? ትርንጎ?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ የግጦሽ መሬት ዳር ደረስን። ድንኳኑን እንትከል አልኩ። "ተው፣ ሰው ቤት እንረፍ" አለ አንማው። እምቢ አልኩ። ታዲያ ምን ቆርጦኝ ተሸክሜው መጣሁ? ሦስተኛውን ችካል በድንጋይ እየመታሁ ቀና ብል ሰው ከቦናል። ዱላ ይዘዋል።

"የማንን ነው የምትቆርጡት?" አለኝ አንዱ።

እዚህ አገር ባዕድ ሰው ችካል ከተከለ ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቀዋል። ገመድ ይዘረጋል፣ ከዚያ የአንዱ ማሳ ያጥራል። እኔ ድንኳን ነው እላለሁ፤ እነሱ የሚያዩት ችካሉን ነው። ይባስ ብሎ አንዱ አንማውን አወቀው። "ይሄ ቀያሹ አይደለም እንዴ!" አበቃልን አልኩ። አንማው በአዊኛ ረጅም ነገር ተናገረ። አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ መጀመሪያ ሳቁ፣ ሌላውም ተከትሎ ሳቀ። ሦስቱን ችካሎች ራሴ ነቅዬ፣ እያሳየሁ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ሌባ።

አሁን አያ ተገኘ ቤት ነን። እርጎ ጠጣን፣ እሳት ዳር ተቀመጥን። አንማውና ሽማግሌው በአዊኛ ይጫወታሉ። እኔ እግሬን እያሸሁ በመሀል "ወርቁ" የሚል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ "እንየው"። ወርቁ አያቴ ነው። እንየው የአያቴ አባት ነው።

"ስለምንድን ነው የምታወሩት?" አልኩት።

"ስለ ከብት" አለኝ።

አያቴ በሬ ነበር እንዴ?

ረቡዕ፣ ጥር 27

ጠዋት ሜዳው ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀኝ ተረከዜ ውኃ ቋጥሯል። ዛሬ ጾም ስለሆነ በሶ ብቻ። ለማንም አልናገርም እንጂ ሚኒባስ አማረኝ።

ከአዲስ ቅዳም ወዲህ መንገዱ ሁሉ ዲከረንስ ነው፣ ለከሰል የሚተከለው ግራር። እዚያም እዚህም አፈር የለበሰ የከሰል ክምር ይጨሳል። ብዙው ዛፍ ግን ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል፤ በሽታ ገብቶበታል። የአባቴም እዚያው ነው። ሁለት ጥማድ የማይሞላ መሬት፣ አባቴ በእጁ የተከለው። ጎረቤታችን አያ ሞላ ናቸው የሚጠብቁልን። አባቴ ሊሞት ሲል "ትርንጎን በዚህ ትድራታለህ" ብሎኛል። እናትም አባትም የለንም፤ እኔ ነኝ አባቷ። እሷ አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በልብስ ስፌት ራሷን ችላለች። የምሰጣት ግን ሌላ የለኝም።

ግማሹ ደርቋል። ጎንበስ ብዬ የረገፈውን ቅጠል አነሣሁ።

ቀና ስል አንማው በወሰኑ ላይ እየተራመደ ነው። እርምጃውን ይቆጥራል! ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

"ምን እየለካህ ነው?"

"ልማድ ሆኖብኝ" አለ። ከዚያ ደግሞ፣ "ይሄን መሬት ለማን ነው የምትሰጠው?" አለኝ።

"ለትርንጎ ነዋ! ለማን እንድሰጠው ፈልገህ ነበር?"

አንገቱን ደፋ። ጆሮው ቀላ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ሄዶ አያ ሞላን ለብቻቸው ወሰዳቸው። በአዊኛ ያወራሉ። አያ ሞላ በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ አንማው ትንሽ ቀይ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። "ካሳ" የሚል ሰማሁ፤ አባቴ ነው። ወርቁ። እንየው። "ጓሉ" የሚልም ሰማሁ፤ የእንየው አባት።

ነገሩ ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። አንዱ የሩቅ ዘመድ ነኝ ባይ ርስት ይገባኛል ብሎ ተነሥቷል፣ አንማው ደግሞ የዘር ሐረግና ምስክር እየሰበሰበለት ነው። ቀያሽ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። እኔን ደግሞ መንገድ መሪ አድርጎኛል፣ በገዛ እግሬ! መሬቱ ከሄደ ትርንጎን በምን እድራታለሁ?

ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዞ "ኔትወርክ ልፈልግ" ብሎ ጉብታ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ በሳቅ ፈክቷል። "ማን ነው?" ስለው "የመሥሪያ ቤት ሰው" አለ። የመሥሪያ ቤት ሰው እንዲህ ያስቃል?

ልጠይቀው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት። አሥር ዓመት ጓደኛዬ ነው፣ ሌላ ጓደኛ ደግሞ የለኝም። ብሳሳትስ? ባልሳሳትስ ደግሞ?

ሐሙስ፣ ጥር 28

እንጅባራ ገባን። በየቤቱ የቀርከሃ አጥር፣ በየመንገዱ ፈረስ። አልጋ ያዝን። ተረከዜ ፈርጧል፣ በጨው ውኃ አጠብኩት።

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አንማው ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ጃኬቱን አልጋው ላይ ጥሎት ነበር። ቀዩ ደብተር ከኪሱ ብቅ ብሏል። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። አወጣሁት።

አንድ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ቁልቁል ተሰምሯል። በግራ በኩል፦ ካሳ፣ ወርቁ፣ እንየው፣ ጓሉ፣ ከዚያ የጥያቄ ምልክት። የኔ አባቶች። በቀኝ በኩል የማላውቃቸው ስሞች። ከታች "ጥርባ፣ እማሆይ ይጠየቁ" ይላል። ጥርባ ከዘንገና አጠገብ ነው፣ ነገ የምናልፍበት።

ቀና ስል አንማው በሩ ላይ ቆሟል። ፎጣ አንገቱ ላይ።

"የአባቴን ዘር ለማን ነው የምትቀይሰው?" አልኩት። ጮኬያለሁ መሰለኝ፣ ከጎረቤት ክፍል ሳል ተሰማ። "አሥር ዓመት እንጀራ ቆርሰን! መሬቴን ለማን ልትሰጥ ነው?"

"የምን መሬት?" አለ። እውነትም የገረመው ይመስል ነበር፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በዚህ መሀል አልጋው ላይ ያለው ስልኩ ጠራ። ለስልኩ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አነሣሁት። "ሃሎ" ሳልል ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት በጥድፊያ፣ "አንሙ፣ አገኘህ ወይ? ወንድሜ አልነቃም አይደል?" አለች።

ትርንጎ ናት። የኔዋ ትርንጎ።

"ነቅቷል" አልኳት። ዘጋችው።

አንማው አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማስቆም አልተቻለም። እሱና ትርንጎ ከተዋደዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። ግን አንድ ሰው ለእናቱ "የካሳ ወገን ከኛ ጋር የሚነካካ ነገር አለው" ብሎ ሹክ አላቸው። ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም፣ እናቱም ወይ ፍንክች። ታዲያ መንገዱን እሺ ያለው ለዚህ ነው፤ ዘር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሁሉ በዚህ መስመር ላይ ናቸው።

"ለምን እኔን አልጠየቅኸኝም?"

"ጠይቄህ ዘመድ ሆነን ብንገኝ፣ ከዚያ በኋላ ፊቴን ታየው ነበር? መጀመሪያ ይጣራ ያለችው ትርንጎ ናት። 'እሱ ከሰማ ይቆጣል፣ ከተቆጣ አይመለስም' አለችኝ።"

እኔ ነኝ እንግዲህ የማይመለሰው። ዳቦ ቆሎውም ለኔ አልነበረም። ራት ለብቻዬ በላሁ።

ዓርብ፣ ጥር 29

ከእንጅባራ እስከ ዘንገና አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሱ ከፊት፣ እኔ እያነከስኩ ከኋላ። ሐይቁ ጋ ሲደርስ ቆሞ ጠበቀኝ። ስደርስ ቁጭ አልኩ። ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ዙሪያውን ዛፍ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ክፋቴን ልጻፈው፣ ሌላ ማን ያነበዋል? መንገዱን ሁሉ "አምስት ቤት ላይ ተገናኝተው ይፍረስ" እያልኩ ነበር። አንማው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለእህቴ ባል ምረጥ ቢሉኝ ከሱ የተሻለ አላገኝላትም። ግን በገዛ ቤቴ ሁለቱም ሞኝ አደረጉኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይፍረስ ብያለሁ።

እማሆይ የሚኖሩት ጥርባ፣ አንዲት ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። ለአንማው የአያቱ አክስት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ልባቸው ስል ነው። ድንች ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡልን። አዊኛ እንደማልችል ሲነገራቸው "እኔ ልቸገርልህ እንግዲህ" ብለው ወደ አማርኛ ዞሩ።

"ከኔ በላይ የሚያውቅ ሞቷል" አሉ፣ "ስለዚህ የኔ ትክክል ነው።" ሳቅሁ፣ ሳላስበው።

የአንማውን ወገን ቆጠሩ። አበጀ፣ ላቀው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። መጨረሻ ላይ "ፈንታ" አሉ፣ "የፈንታ አባት ዘለቀ።"

እጄ ላይ ያለው ድንች ቀዘቀዘ።

አባቴ ልጅ ሆኜ ራሴን ሲላጨኝ ዘሬን ያስቆጥረኝ ነበር። ከተሳሳትኩ ምላጩን ያቆማል፣ ግማሽ ራሴ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ እቀመጣለሁ። ካሳ፣ ወርቁ፣ እንየው፣ ጓሉ። ከጓሉ በላይ በእናቱ በኩል ነው የሚሄደው፦ ብርቄ። የብርቄ አባት፣ ዘለቀ። ትርንጎ ያኔ አልተወለደችም። ይህን የሚያውቅ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ዘለቀ የሚባል ሰው ብዙ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

"ዘለቀ ሁለት ወለደ" አሉ እማሆይ። "ፈንታንና ብርቄን። ብርቄን ወደ ዳንግላ በኩል ዳሯት። መልኳ ደስ የሚል ነበረች ይባላል። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ።"

አዊኛ የማልችለው እኔ የጥርባ ልጅ ነኝ ማለት ነው። ወይ ጉድ።

ወደኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ የጓሉ እናት ማን ትባላለች?"

አንማው አየኝ። ደብተሩ ጭኑ ላይ ተከፍቷል፣ ብዕሩን ጨብጦታል። ጠዋት የተመኘሁት ይኸው አፌ ውስጥ ነው። አንድ ስም። ብናገረው ያልቃል።

"አላውቅም፣ እማሆይ" አልኩ።

"የሚያገናኝ ካልተገኘ ዝምድና የለም" አሉ። አንማው ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ እኔን አቀፈኝ። ዕንባው ጉንጬ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

የመጨረሻ ቀን። ወደ ጥሊሊ።

አንማው ተረከዜን አይቶ የኔንም ቦርሳ ጭምር ያዘ። ባጃጅ የለመደው አንማው! ሁለት ቦርሳ ተሸክሞ ያፏጫል። ለትርንጎ ደውሎ ነገራት። ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን ይላል። ስንት ድንኳን እንደሚጣል ይቆጥራል። "ችካሉን ግን አንተ አትተክልም" አለኝና ብቻውን ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። አንድ ነገር ነው የማስበው። ዝም ብዬ ብድራቸው፣ አንድ ቀን ልጃቸው ቢታመም፣ ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ምክንያቱ ያ ባይሆንም እኔ ያ ነው እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ሌሎችን ስጠረጥር እኖር የለ? ዕድሜ ልኬን የሕፃኑን ፊት ሳይ ልኖር ነው።

ጥሊሊ ከሩቅ ስትታይ፣ የገበያተኛው ጫጫታ ሲሰማ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"ብርቄ የኛ ናት" አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሁለቱንም ቦርሳ አወረደ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "ትናንት ታውቅ ነበር?" አለ። "አውቅ ነበር" አልኩ። ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። አህያ የጫኑ ገበያተኞች እያዩን አለፉ። አንዲት ሴት "ምነው፣ ሰው ሞተባችሁ?" ብላ ጠየቀች። "የለም እናቴ" አልኳት።

ብዙ ቆይቶ ደብተሩን አወጣ። የሱን ቆጠረ። በሱ በኩል ከየትም ብትጀምር ሰባት ይሞላል፣ ይተርፋልም። ነገሩ ያለው በኛ በኩል ነው።

"እኔ አልችልም። አንተ ቁጠር" አለኝ። "እኛ ቤት ከራስ ነው የሚጀመረው። እናንተ ቤት ከማን ነው?"

ጥያቄው ይኸው ነው እንግዲህ። አንዳንዱ ቤት ከራስ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ከአባት። ከራሷ ከጀመርኩ፦ ትርንጎ፣ ካሳ፣ ወርቁ፣ እንየው፣ ጓሉ፣ ብርቄ፣ ዘለቀ። ሰባት። ከአባቷ ከጀመርኩ ስድስት። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ሒሳብ ግን አስተምሬ አላውቅም።

አባቴ ራስን አያስቆጥርም ነበር። "ከኔ ጀምር" ነበር የሚለኝ። ይህን እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው የምጽፈው።

አንማውን አየሁት። ጢሙ አቧራ ሆኗል። አምስት ቀን የማይወደውን መንገድ የሄደ፣ የአባቶቼን ስም በየጎጆው ሲለምን የከረመ ሰው ነው።

"እኛም ቤት ከራስ ነው" አልኩት። ጣቴን አወጣሁ። "ትርንጎ፣ አንድ።"

ሲሞላ ሁለታችንም ጣቶቼን እያየን ቀረን። ከዚያ አንማው ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ጥሊሊ መግቢያ ላይ፣ ሽበት የጀመረን ሁለት ሰዎች።

ማስታወሻዬን የምጽፈው ገበያው ዳር ሻይ ቤት ሆኜ ነው። አንማው ሚኒባስ ሊፈልግ ሄዷል። ኃጢአት ሠራሁ ወይስ ጽድቅ? የንስሐ አባቴን ልጠይቅ? ከጠየቅሁ ይነግሩኛል፣ ችግሩ እሱ ነው። ልቤን ግን ከማክሰኞ ወዲህ ገና ዛሬ ቀለለኝ፣ ይህንንም ልዋሽ አልችልም።

አሁን ትርንጎ ደወለች። አንማው የብርቄን ነገር ነግሯት ኖሯል።

"ስንት ሆነ?" አለችኝ። ድምጿ ቀጥኗል።

"ሰባት" አልኳት።

እልል ትላለች ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። አላለችም። የኔው እህት ናት፣ መጠርጠር ከቤታችን ነው የወጣው። "ከማን ጀምረህ?" አለችኝ።

"ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣ አይሰማም" ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።